ሰማያዊው ገንዳ

ጋሽ ወልደየስ ሰማያዊው ገንዳ ውስጥ እስከ ወገባቸው አጎንብሰው አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ መዘዙ፤ ግማሹ ውሃ ነው። ሌላ መዘዙ፤ እሱም ያው። ሰኞ ጠዋት ነው፣ ባሕር ማዶ፣ ኦሮራ ከተማ ያለው ቤተ ክርስቲያን ጓሮ። ገንዳውን የሚያራግፈው መኪና ሁለት ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ የቀራቸው ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው።

ይህ ጠርሙስና ወረቀት ብቻ የሚጠራቀምበት ገንዳ የመጣው በእሳቸው ልመና ነበር። ኮሜርስ ሲቲ በሚገኝ፣ ያገለገለ ዕቃ መልሶ ጥቅም ላይ እንዲውል በሚለይ የሪሳይክል ፋብሪካ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ቆመው ከቆሻሻ መሀል ጠርሙስ ሲለቅሙ ኖረዋል፤ ጡረታ ሲወጡ ያንን ሁሉ እውቀት ይዞ ዝም ማለት አልሆነላቸውም። "የቆሻሻ ወጪያችን ይቀንሳል፤ የምእመናኑም ቤት ይቀለዋል፤ ምግብ ቤት ያላቸውም ከእኛ አይተው ይጀምራሉ" ብለው ሰበካ ጉባኤውን ወተወቱት። ጉባኤው ለሙከራ ሦስት ወር ሰጣቸው። በሁለት ወር ውስጥ ግን የገንዳው ባለቤት ድርጅት ሁለት ማስጠንቀቂያ ለጠፈበት። ሦስተኛው ከተለጠፈ ገንዳው ይነሳል።

ጥፋቱ ደግሞ፣ ካልጠፋ ነገር፣ በጠበል መጣ። "ከየቤታችሁ ጠርሙስ አምጡ" ብለው ዐውደ ምሕረት ላይ የለመኑት ራሳቸው ናቸው። ሰውም ሰማቸው። ግን በየቤቱ የከረመ ጠበል ነበር፤ ከቆሻሻ ጋር አይጣል፣ ሽንት ቤት አይደፋ። የቤተ ክርስቲያን ገንዳ ሲያገኝ ሁሉም እፎይ ብሎ ከነውሃው እዚያው ይከተው ጀመር። እንዲህ ያለ ጠርሙስ መኪናው ውስጥ ሲፈነዳ አብሮ የተጫነውን ወረቀት ሁሉ ያበሰብሳል፤ የበሰበሰ ጭነት ደግሞ ከቆሻሻ ጋር መቀበር ነው ዕጣው። ጋሽ ወልደየስ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

እናም አንድ በአንድ እየከፈቱ፣ እግር የማይረግጠው የዛፍ ሥር ያፈስሱ ነበር። ብርዱ ጣታቸውን አደንዝዞታል። ሃያ ስምንት ደርሰዋል፤ ገና ከሥር ብዙ አለ።

ወይዘሮ አበዛሽ አራት ጠርሙስ በፌስታል አንጠልጥለው መጡ።

"እንደምን አደሩ? ይኸው፣ እንዳሉት አመጣሁ።"

"ባዶውን ነው እኮ ያልኩት፣ ወይዘሮ አበዛሽ።"

"ታዲያ ጠበሉን የት ላድርገው? እኔ የምኖረው ፎቅ ላይ፤ ዛፍ የለኝ!"

ወይዘሮ አበዛሽ እውነታቸውን ነው። ይህን አስቀድመው ማሰብ የነበረባቸው ጋሽ ወልደየስ ራሳቸው ነበሩ። ፌስታሉን ተቀብለው ማፍሰሳቸውን ቀጠሉ።

መኪናው ቀድሞ ደረሰ። ሾፌሩ ክዳኑን ከፍቶ አየ።

"ፋይቭ ሚኒት፣ ፕሊስ" አሉ ጋሽ ወልደየስ፣ አምስት ጣታቸውን ዘርግተው።

ሾፌሩ አዘነላቸው። ቢሆንም ሦስተኛውን የማስጠንቀቂያ ወረቀት ለጠፈ፣ ፎቶ አነሳና ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ፀዳል ስልኳን እያየች ከቢሮ ወጣች።

"ጋሽዬ፣ ኢሜይል ልከዋል። ሰርቪሱን ካንስል አድርገውታል። ገንዳውን ነገ ይወስዱታል።"

"አንድ ወር ቀርቶኝ ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ። ጽጌም ለምግብ ቤቷ ልታዝ የነበረውን ገንዳ ትታዋለች፤ ጣጣው አይቻልም ብላ።"

ጋሽ ወልደየስ ምግብ ቤት ካላቸው ምእመናን ሁሉ ተስፋ ያደረጉት በጽጌ ነበር።

"እሑድ እርስዎ ቢናገሩ? ሰው እንዳያመጣ" አለች ፀዳል።

"አንቺ ተናገሪ። እኔ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።"

ፀዳል አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። ዛፉ ሥር ባዶዎቹ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ ንጹሕ ናቸው፣ ፋብሪካው ቢያገኛቸው አንዱንም አይጥልም ነበር። ጋሽ ወልደየስ ጥቂት ቆመው አዩአቸው። ከዚያ የጥቁሩን የቆሻሻ ገንዳ ክዳን ከፈቱና ጠርሙሶቹን ሁለት ሁለት እያነሱ ይጥሉ ጀመር።

ወይዘሮ አበዛሽ ሊያግዟቸው ጎንበስ አሉ።

"ክዳን ክዳናቸውን ልግጠምላቸው?"

"ይተዉት" አሉ ጋሽ ወልደየስ። "ከእንግዲህ ምን ያደርግላቸዋል?"