ሁለቱ ሰዓት የት ገባ

«ታዲያ ሁለቱ ሰዓት የት ገባ?» አለ ባልየው፣ በሚስቱ ሻንጣ ላይ እንደ ተቀመጠ የአውሮፕላን ቲኬቷን እያራገበ። «ንገሪኛ! ሰማይ ላይ ዳገት አለ እንዴ?»

ሚስቱ ጫማዋን ታስር ነበር። «ተነስልኝ፣ ውስጡ መሣሪያ አለ። ትሰብረዋለህ።»

«የምሰብረውስ ሌላ ነው!»

ሃያ ሁለት ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው፤ ርቀትና ሰዓት እንደ ቀኝና ግራ እጁ ናቸው። እሷ የራጅ ማሽን ጠጋኝ ናት። በየወሩ ድንበር ተሻግራ የመሥሪያ ቤቷን የሌላ ቅርንጫፍ ማሽኖች ታያለች። አብሯት የሚሄደው ኢንጂነር ሚስቱን የፈታ፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። ባልየው ያንን ጫማ አንድ ቀን በር ላይ አይቶት፣ ይኸው ሳምንቱን ሙሉ መሪ በያዘ ቁጥር ፊቱ ላይ ድቅን ይልበታል።

«ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ሲሄዱም ዘጠኝ መቶ ነው፣ ሲመለሱም ዘጠኝ መቶ ነው» አለ። «ስምንት ሰዓት ተነሥታችሁ ስምንት ተኩል ትደርሳላችሁ። ስትመለሱ አሥር ሰዓት ተነሥታችሁ አሥራ ሁለት ተኩል! ሁለት ሰዓት ሙሉ ከዚያ ሰውዬ ጋር የት ነው የምትቆዩት? እኔን ልጅ አታድርጊኝ።»

«የሰው ስም አታጥፋ። ወደዚያ ቅርንጫፍ የአንድ ዓመቱን ዝውውር እንኳ አንተን ቅር እንዳይልህ ብዬ ሳልፈርም ሦስት ሳምንት ይዤው ዞርኩ። የመፈረሚያው ቀን ዛሬ ነው የሚያበቃው።»

«ፈርሚያ! ማን ያዘሽ? ልብሽ እንደሆን ድሮም እዚያው ነው።»

ታናሽ እህቷ እጇን እያደራረቀች ከጓዳ ብቅ አለች። «እስቲ ላየው፣ ጋሼ» ብላ ቲኬቱን ተቀበለችውና ሳቋ አመለጣት። «ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር በግማሽ ሰዓት? አውሮፕላን ነው ወይስ ጥይት? የእነሱ ሰዓት እኮ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። መነሻው በተነሡበት አገር ሰዓት፣ መድረሻው በደረሱበት ነው የሚጻፈው። ሲሄዱም ሲመለሱም አንድ ሰዓት ተኩል ነው!»

ባልየው አንገቱን አስግጎ ቲኬቱን እንደገና አየ።

«ሰዓታቸውን ማን ወደ ኋላ መለሰው?»

«ፀሐይ ናት። እሷንም ጠርጥራት።»

መሳቅ ቃጥቶት ነበር። ግን ቅናት በአንዱ በር ሲያስወጡት በሌላው የሚገባ እንግዳ ነው። «እሺ ይሁን፤ የእሷንና የሰውዬውን ወንበርስ ጎን ለጎን ያደረገው ማነው? እሱንም ፀሐይ ናት?»

ሚስቱ ከቦርሳዋ የዝውውሩን ደብዳቤ አወጣች።

«እኔ በወረቀት ካልሠራሁት አላምንም» ብሎ ከሻንጣው ላይ ተነሣና ወደ ጠረጴዛው ሄደ። እስክሪብቶው ግን ሚስቱ እጅ ነበር፤ ደብዳቤው ላይ ጎንበስ ብላለች። «ቶሎ በያ፣ እስክሪብቶውን!»

«ጨርሻለሁ» ብላ አቀበለችው።

«ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ተኩል ሲደመር... ዘጠኝ ተኩል። አንድ ሲቀነስ...»

«ስምንት ተኩል!» አለች እህትየው እያጨበጨበች።

«ቆይ፣ አታቋርጪኝ። መመለሻዋን ልሥራ።»

ሁለቱም ወረቀቱ ላይ አቀረቀሩ። ሚስትየው ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ጎማው ወለሉ ላይ ድምፅ እንዳያሰማ ሻንጣዋን በእጀታው አንጠልጥላ ወጣች።