የሦስተኛው ፎቅ ውሃ

አለቃዬ የውሃ ፓምፕ ፋብሪካን ለሠላሳ አንድ ዓመት በሥራ አስኪያጅነት የመሩ ሰው ናቸው። ሃያ ስድስቱን ዓመት ጸሐፊያቸው እኔ ነበርኩ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ስለ እሳቸው የተጻፈውን ውዳሴ ሁሉ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ የቱ እውነት፣ የቱ ማሟያ እንደሆነ ለይቼ አውቃለሁ። ሠራተኛው «ጆሮው» ይላቸዋል። የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው የማሽን ሕመም ያዳምጣሉ። ቅጽል ስማቸውን ግን ሰምተውት አያውቁም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

በፋብሪካው አንድ ሕግ ነበራቸው። ያጠፋ ሰው ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ፊት ቆሞ ጥፋቱን በገዛ አፉ ይናገራል። ከተናገረ አበቃ፣ ማንም አያነሳበትም። እኔ አንድ መኪና ሙሉ ፓምፕ ወዳልታዘዘበት ከተማ ልኬ ቆሜያለሁ። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ሰኞ ያልቆሙት እሳቸው ብቻ ናቸው።

መስጠት ይወዳሉ፣ ይህን አልክድም። ሁለት ትምህርት ቤት አሠርተዋል፣ አሥራ አራት የውሃ ጉድጓድ አስቆፍረዋል። ችግራቸው ሰጥተው መልቀቅ አለማወቃቸው ነው። ለትምህርት ቤት ወንበር በሰጡ በሳምንቱ ክፍል ውስጥ ተንበርክከው፣ ልጆቹን እያስነሱ ብሎን ሲያጠብቁ ተገኝተዋል። መምህሩ ደንግጦ ትምህርቱን አቋረጠ።

ጡረታ ሲወጡ ለሆስፒታሉ ባለ ሦስት ፎቅ የማዋለጃ ሕንፃ አሠሩ። ምድር ቤት የተተከለው ፓምፕ የራሳችን ምርት ነው። ባለቤታቸው እትዬ የባላቸውን አመል ስለሚያውቁ፣ «እስከ ምረቃው እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት። የሰጠኸው ነገር ከእንግዲህ ያንተ አይደለም» ብለው አስማሏቸው። እሳቸውም ማሉ።

አመል ያወጣል ከመሃል። ምረቃው ሐሙስ ሊሆን ማክሰኞ ዕለት «ፀጉሬን ልስተካከል» ብለው ከቤት ወጡና እኔን አስከትለው ምድር ቤቱ ገቡ። ኤሌክትሪሺያኑ ምሳ ወጥቶ ነበር። ፓምፑን በካቻቪቴያቸው አዳመጡት። ጤነኛ ነው። ጤነኛ መሆኑ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

«የገመዱ አስተሳሰር አያምርም» አሉ። ኤሌክትሪኩን አጥፍተው ገመዶቹን ፈቱና አሳምረው መልሰው አሰሩ። እኔ ኮታቸውን ይዤ ቆሜያለሁ። ሊሞክሩት ሲሉ ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ፤ ኤሌክትሪኩን መልሰው ኮታቸውን ከእጄ ነጥቀው ወጡ። ፀጉራቸው እንደነበረ ነው።

ሐሙስ ሪባኑ ተቆረጠ። እንግዳው ሁሉ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ፤ ለእትዬ ወንበር ተሰጣቸው፣ የፋብሪካው ሰዎችም ነበርን። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር «ከእንግዲህ እናቶቻችን ውሃ በባልዲ አይጠብቁም!» ብሎ ቧንቧውን ከፈተ። ቧንቧው አሳለ፣ ሁለት ጠብታ ጣለ፣ ዝም አለ።

ኤሌክትሪሺያኑ ተጠራ። ሽበት የጀመረው ቀጭን ሰው ነው። ምድር ቤት ወርዶ እያለከለከ ተመለሰ።

«ሁለት ገመድ ቦታ ተለዋውጧል፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ነው የሚዞረው። ወደ ኋላ ሲዞር እዚህ ድረስ ለመግፋት አቅም የለውም።»

«ማነው ያሰረው?» አለ ዳይሬክተሩ።

«እኔ ነበርኩ። ግን ባለፈው ሳምንት ስሞክረው እዚህ ድረስ ወጥቷል።»

«ታዲያ ገመዱ በራሱ ተራመደ? ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ!»

ሰውየው ቆቡን አወለቀ። የሦስት ልጆች አባት ነው፣ ደግሞም አላጠፋም። አንጀቴን በላኝ። ዞር ብዬ ጋሼን ባያቸው ጣሪያ ያያሉ። ዝም አይነቅዝም ብለው ይሆናል። ተናደድኩ። ጠጋ ብዬ በጆሯቸው፣

«ጋሼ፣ ሰኞ ነው» አልኳቸው።

«ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«ለእኔ ሰኞ ነው። እርስዎ ካልቆሙ እኔ እቆማለሁ።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። ወደ ፊት ወጡ። እኛ ሰኞ ሰኞ እንደምንቆመው ቆሙ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ገመዱን ፈትቼ ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ዳይሬክተሩ ዓይኑን መጥረግ ጀመረ።

«ሰማችሁ? የድሃ ሠራተኛ ጥፋት እንኳ በራሳቸው ላይ ይወስዳሉ! ቸርነት ማለት ይህ ነው!»

ጭብጨባው ሕንፃውን አናጋው። «ቸርነት አይደለም! እኔ ነኝ!» ብለው ሲጮኹ ባሰ። ፎቶ አንሺው «እባክዎ አንዴ ይድገሙልኝ» አላቸው። የሠላሳ ዓመት መልካም ስም ጣጣው ይኸው ነው፤ እውነት ብትናገር እንኳ ምጽዋት ይመስላል።

ዳይሬክተሩ ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ዞሮ፣ «ለእሳቸው ስንል ምሕረት አድርገንልሃል» አለው።

«ምሕረት አልፈልግም» አለ ሰውየው። «አላጠፋሁም።»

ያኔ እትዬ ከወንበራቸው ተነሡ። ባላቸውን ብቻ ነበር የሚያዩት።

«መቼ ነው የነካኸው?»

«ማክሰኞ።»

«ፀጉሬን ልስተካከል ያልክ ቀን?»

ጋሼ ጫማቸውን አዩ። እትዬ ወደ እንግዳው ዞሩ።

«እውነቱን ነው። ምድጃዬን ላሻሽልልሽ ብሎ ቅንድቤን ያቃጠለ ይሄ ሰው ነው። የቤታችንን በር ደወል ጠግኖልኝ፣ እንግዳ በደወለ ቁጥር ቤቱ ይጨልማል። ያንን ምስኪን ልቀቁት!»

መጀመሪያ የሳቀው ከኋላ የቆመው የፋብሪካው ጥበቃ ነው። ከዚያ ሁላችንም። በሠላሳ አንድ ዓመት ጋሼ ፊት ተስቆ አያውቅም፤ የዚያን ቀን ግን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን፣ በሳቁም መሃል አመንን። ዳይሬክተሩ አፍሮ ኤሌክትሪሺያኑን ይቅርታ ጠየቀው፤ ነገም እንዲመጣ ነገረው። ሰውየው ቆቡን መልሶ አጠለቀና ወደ ምድር ቤት ወረደ።

ጋሼ ተከተሉት፣ እኔም እሳቸውን። የፓምፑ ጥግ ጨለማ ስለሆነ ኤሌክትሪሺያኑ የእጅ ባትሪ አበራ። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ትንሽ ቆሙ።

«ባትሪውን ልያዝልህ?» አሉት።

ኤሌክትሪሺያኑ ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸውና ባትሪውን ሰጣቸው።

«ይያዙልኝ ጋሼ» አለ። «ብቻ እንዳይነኩ።»

ያዙለት። አልነኩም።