የላይኛው መስመር

የላቦራቶሪ ኃላፊዋ እንደምትለው፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ የሠላሳ ስምንት ታካሚ ውጤት ያጠፋው የጋሽ ቶፕ እጅ ነው። ሰርቨሩ ተንቀራፎ ነበር፤ እሳቸው አንድ ነገር ነካኩ፤ ወዲያው ውጤት ሰብሳቢው ፕሮግራም ሞተ። "በራቸው ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ኪቦርዱን መታ መታ አደረጉት፣ አለቀ" ትላለች።

ጋሽ ቶፕ እንደሚሉት ደግሞ ማንም ምንም አልነካም። ኃላፊዋ በሥራ ሰዓት መከፈት የሌለበትን የዓመቱን ጥቅል ሪፖርት ከፈተች፤ ሪፖርቱ የሰርቨሩን ሜሞሪ ጠርጎ በላው፤ ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት፣ ሊኑክስም፣ ሲጨንቀው እንደሚያደርገው ራሱን ለማዳን ሲል አንዱን ፕሮግራም ገደለ። "እኔ ቁጭ ብዬ ከማየት በቀር ያደረግሁት የለም" ይላሉ።

የትኛው እውነት እንደሆነ አጣርቶ በጽሑፍ ማቅረብ የተማሪያቸው ዕጣ ሆነ። ትምህርቷን ከጨረሰች አምስት ዓመት አልፏታል፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ግን ዛሬም "የጋሽ ቶፕ ተማሪ" ነች። መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ከእሳቸው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጣ ሰርቨሩን ትጠብቃለች። ስብሰባው ዛሬ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጥፋቱ የእሳቸው ከሆነ ሠላሳ ዓመት ከተቀመጡበት ወንበር ይነሳሉ። የማሽኑ ከሆነ ደግሞ ሪፖርቱን የከፈተችው ኃላፊ ትጠየቃለች።

ሰባት ሰዓት ላይ በላቦራቶሪው ኮሪደር ስታልፍ፣ ትናንት ደም የሰጡት ሰዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረው እንደገና ተራ ይጠብቁ ነበር። ናሙናው እንደወትሮው ከተነበበ በኋላ ተደፍቷል። አንድ ሽማግሌ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘርግተዋል።

"የኔ ልጅ፣ የትናንቱን ደሜን ምን አደረጋችሁት? ጠጣችሁት?"

አግዳሚው ሁሉ ሳቀ። ደም ቀጂው ግን የሽማግሌውን ሥር ማግኘት አቅቶት ክንዳቸውን ይዳስስ ነበር። በሦስተኛው መርፌ ላይ ሽማግሌው መቀለዱን ትተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ኃላፊዋ ከውስጥ ወጥታ ክንዷን ያዘቻት።

"ጻፍሽው?"

"ገና ነኝ።"

"እንደ አባትሽ እንደሆኑ አውቃለሁ። እኔም እወዳቸዋለሁ። ሪፖርቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ መቼ ካድኩ? ያደረግሁትን እሸከማለሁ። ያላደረግሁትን ግን አታሸክሚኝ።"

ልጅቷ አንገቷን ነቅንቃ አለፈች።

ጋሽ ቶፕ ጥቁሩ ስክሪን ፊት ተቀምጠዋል፤ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ አንድ ስንዝር አይቀረውም። ቅጽል ስማቸው የመጣው ቶፕ ከሚባለው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ሰርቨሩ ላይ በዚያች ቅጽበት የሚሠሩትን ፕሮግራሞች እያንዳንዱን ከነቁጥሩ ይደረድራል፤ ብዙ የሚበላው ከላይ፣ ጭምቱ ከታች። ዝርዝሩ በየሦስት ሰከንዱ ይለዋወጣል። "ሰርቨርም ቤተሰብ ነው" ይሏት ነበር ሲያስተምሯት፤ "ማን እንደሚሻማ ማን እንደሚራብ ያላየ አያስተዳድረውም።"

"መጣሽ?" አሉ ሳይዞሩ።

"መጣሁ ጋሼ።"

ወንበሯን ስባ የሰርቨሩን መዝገብ ከፈተች። ሊኑክስ በሜሞሪ እጦት ፕሮግራም ከገደለ ዝም አይልም፤ የገደለውን በቁጥሩም በስሙም ይመዘግባል። የሐሙስን ጠዋት ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ምንም የለም። ሜሞሪው ተጨናንቆ ነበር እንጂ አላለቀም።

"ምን እያየሽ ነው?"

"መዝገቡን።"

"ማሽኑ ራሱ ነው አልኩሽ እኮ።"

"እሺ ጋሼ፤ ለማጣራት ያህል ነው።"

ቀጥሎ በእሳቸው መግቢያ ስም የተሰጡትን ትእዛዞች ዝርዝር አወጣች። አምስት ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አንድ መስመር አለ፦ ኪል፣ ዘጠኝ፣ 21731። ኪል ቁጥሩ የተሰጠውን ፕሮግራም ይገድላል፤ ዘጠኝ ሲጨመርበት ደግሞ ኑዛዜ እንኳ አያስደርገውም፤ በእጁ የያዘውን ሳያስቀምጥ ይሞታል። 21731 ውጤት ሰብሳቢው ነው፤ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት እሳቸው ራሳቸው የጻፉት። ከመመርመሪያ ማሽኖቹ የሚቀበለውን ይዞ ይቆይና እኩለ ቀን ላይ ብቻ ዲስክ ላይ ይጽፋል። ሰርቨሩን አንቆ የያዘው ሪፖርት ቁጥሩ 21764 ነበር።

ኮሌጅ እንደጨረሰች መጀመሪያ ያስተማሯት ይህንን ነበር፦ ከመግደልሽ በፊት ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፊ፤ በቁጥሩ ስሙን ጠይቂ፤ ስሙን ካላየሽ አትግደይ። በድሮዎቹ ትእዛዞቻቸው ውስጥ ከእያንዳንዱ ኪል በፊት ስም መጠየቂያው አለ፤ ዓመታት ሙሉ አንድም ቀን አልዘለሉትም። ሐሙስ ግን የለም።

ማስታወሻ ደብተራቸው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቀስ ብላ ሳበችው። ከዓመት በፊት የተጻፉት ቁጥሮች እንደ ጤፍ ደቀቅ ያሉ ናቸው፤ አንዱ ገጽ ሠላሳ መስመር ይይዛል። ገጾቹን በገለጠች ቁጥር ቁጥሮቹ እየተለቁ ሄዱ፤ አሥራ አምስት መስመር፣ ስምንት፣ አራት። የሐሙሱ ገጽ ላይ ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። 217 ከላይ፤ ከዚያ ወረድ ብሎ፣ ተንጋዶ፣ 31።

ሐሙስ የሆነው አሁን ገባት፦ አንገታቸውን አስግገው ሦስቱን አሃዝ ከላይኛው መስመር አነበቡ። ወደ ደብተሩ አጎንብሰው ጻፉ። የቀሩትን ሁለቱን ለማየት ቀና ሲሉ ግን ዝርዝሩ ተገለባብጧል፤ ላይኛው መስመር ላይ ያለው ሪፖርቱ ሳይሆን ውጤት ሰብሳቢው ነው። የሁለቱም ቁጥር በ217 ይጀምራል።

ሰባት ወር ሙሉ እሷ ነበረች የምታነብላቸው። "እስቲ አንብቢ፣ ልፈትንሽ" ይሏት ነበር፤ እሷም እንደምትፈተን ሆና ቁጥሩንም ስሙንም ትጠራላቸው ነበር። አንድም ቀን ዓይንዎ ምን ሆነ አላለቻቸውም።

ስልኳን አወጣች። ሐሙስ፣ ለአምስት ስምንት ጉዳይ፤ ጋሽ ቶፕ፤ ያልተነሳ ጥሪ። አጠገባቸው ባለው የማተሚያ ክፍል ውስጥ ገመድ እየቀየረች ነበር። ስማቸውን ስታየው "አሁንስ ሰለቸኝ" ብላ ድምፁን አጥፍታ ኪሷ ከተተችው። ስድስት ደቂቃ ጠብቀዋታል።

"ጋሼ።"

"አቤት።"

"ሐሙስ ለምን ደወሉልኝ?"

"ለሰላምታ ነዋ" አሉ።

"ከጎን ክፍል?"

ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየም።

"ስልኩን አልሰማሽውም ብዬ ነበር" አሉ።

"ሰምቼዋለሁ። ሆን ብዬ ነው ያላነሳሁት።"

ጠረጴዛውን በእጃቸው ዳብሰው እስክሪብቷቸውን አገኙ፤ ከፈቱት፣ መልሰው ከደኑት።

"ደውዬልሽ እንዳላነሳሽ ለማንም አልተናገርኩም።"

"አውቃለሁ። ማሽኑ ነው ያሉት ለኔ ብለው ነው?"

"አትሸንግይኝ። ላንቺም ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ለራሴ ፈርቼ ነው።" ወደ እሷ ዞሩ፤ ዓይናቸው ግን ከፊቷ አለፍ ብሎ አረፈ። "መሃሉ ጠፍቷል። የማየው ዳር ዳሩን ነው። አሁን ጆሮሽን አየዋለሁ፤ ፊትሽ የለም። ሐኪሙም የሚጨመር መነጽር የለም ብሎኛል።"

ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች።

"ሠላሳ ስምንት ሰው" አሉ ጋሽ ቶፕ። "ሕፃን አለበት?"

"ሁለት። አሁን ሳልፍ ደግሞ አንድ ሽማግሌን ሦስቴ ወግተዋቸዋል።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"እንደሆነው ነው የምጽፈው ጋሼ" አለች። "ሰባቱን ወርም፣ ያላነሳሁትን ስልክም።"

"ስልኩን ተይው። ምን ይፈይዳል? አንቺ ገና ልጅ ነሽ።"

"አልተወውም። እሱን ከተውኩ የእርስዎን ብቻ መጻፍ አልችልም።"

ጻፈችው። አንድ ገጽ ከሩብ ወጣው፤ ኃላፊዋ ሪፖርቱን እንደከፈተች፣ ውጤቱን ያጠፋው ግን ያ እንዳልሆነም አስገባች። ስትጨርስ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።

"ስብሰባው ላይ አነብልዎታለሁ" አለች። "እርስዎ አጠገቤ ይቀመጡ። መናገር አይጠበቅብዎትም።"

ጋሽ ቶፕ ደብተራቸውን ዘግተው ተነሡ። የኮታቸውን ቁልፎች በጣታቸው እየቆጠሩ አንድ በአንድ ቆለፉ።

"በትልቁ ፊደል አትሚልኝ" አሉ። "አንድ ገጽ አራት መስመር ብቻ ቢይዝም ይሁን፤ ወረቀቱ አያሳሳሽ። ቢዘገይባቸው ይጠብቁኛል። ራሴ ነኝ የማነበው።"