የቀኝ እጅጌ

ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል የሚለውን ተረት የተረተ ሰው የጋሽ አንዴን ቤት አይቶ መሆን አለበት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው መስኮት ሲያለብስ የኖረ መስታወት ቆራጭ፣ የራሱ መስኮት በካርቶን ከተደፈነ ዓመት አለፈው። ካርቶኑ የቴሌቪዥን ካርቶን ነው፤ ቴሌቪዥኑ ተሸጦ ካርቶኑ ቀረ። የተከራዩዋት ክፍል አንዲት ናት፤ አልጋው፣ የልጅቷ ፍራሽ፣ አንድ ጠረጴዛና ሦስት ወንበር ተጋፍተው ገብተውባታል። ልጅቷ ለመጨረሻው ፈተና የምታጠናው በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርታ ነበር።

አንዴ ስሙ አይደለም። የራሱ ሱቅ በነበረው ጊዜ ሠራተኞቹ ያወጡለት ቅጽል ነው። መስታወት ሁለቴ አይጫርም። ጫፏ ላይ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ጎማ ያለባትን መቁረጫ ነጭ ጋዝ ነክሮ፣ ማስመሪያውን ተከትሎ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ መሳብ ነው። በደንብ ከተሳበች ጨርቅ ሲቀደድ የመሰለ ድምፅ ታሰማለች፤ ድምፁ ካልተቋረጠ መስታወቱ በሁለት እጅ ቀለል ተደርጎ ሲጫኑት ልክ በመስመሩ ይለያያል። እጁ ያመነታና "አልያዘም መሰለኝ" ብሎ በጫረው ላይ የደገመ ግን መስታወቱንም ቀኑንም አበላሸ። ጋሽ አንዴ ከሠራተኞቹ ኋላ ቆሞ "አንዴ! አንዴ ብቻ!" ሲል ይውል ነበር። እነሱም አፉን ጠብቀው ስም አደረጉለት። በስሙ ይኮራ ነበር፤ አሁን ሲጠሩት ያፍራል።

የወደቀው በሌላ ሰው ተንኮል ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የሚረግመው ሰው ባገኘ። የባለ አራት ፎቅ ሕንፃ የመስኮት ሥራ ተሰጠው፤ ሦስት መቶ አርባ መስታወት። የሙያው ሕግ ማንም ጀማሪ የሚያውቀው ነው፤ ፍሬሙ ገብቶ ክፍቱ በሜትር ሳይለካ መስታወት አይቆረጥም። ሚስቱም "ምን አስቸኮለህ? ፍሬሙ ይግባና ለክተህ ቁረጥ" ብላው ነበር። እሱ ግን ሥራውን ቶሎ ጨርሶ የሚቀጥለውን ሕንፃ ሊይዝ ልቡ ቋምጦ፣ ያለ የሌለውን አውጥቶ መስታወት ገዛና ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ልክ ሁሉንም በሦስት ሳምንት ቆርጦ ደረደረ። ፍሬሙ ሲገባ እያንዳንዱ ክፍት ከወረቀቱ ሁለት ጣት ይሰፋል። የተረፈ መስታወት ይቀነሳል፤ ያነሰውን ግን እንኳን እሱ፣ የፈጠረውም አይቀጥለው።

ሱቁ ሄደ፤ ቤቱ ተከተለው። መስታወቶቹን በኪሎ የገዛው ሰው፣ መኪናው ብዙ እንዲይዝለት አንድ በአንድ በመዶሻ እየሰባበረ ጫናቸው። ጋሽ አንዴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሞ አየ። ዞር ማለት ይችል ነበር፤ አልዞረም።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ሥራ የሚባል አልነካም። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ወዳጅ የነበረው መካሪ ሆነ፤ መካሪ የነበረው መንገድ ቀየረ። ሚስቱ ሆቴል ውስጥ ልብስ አጣቢነት ገባች። እሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ካርቶኑን ሲያይ ይውላል። በመጨረሻ አንዲት የመስታወት ቤት ባለቤት ዝናውን ሰምታ "ይምጡና እንያቸው" አለች አሉ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። እሱ አምሳ ሦስቱን ይዟል።

የመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ መስታወት አስተኛችለት።

"ጋሼ፣ እስቲ ከዚህ ላይ ስልሳ በአርባ ያውጡልኝ" አለችው።

ለካ። ደግሞ ለካ። ሜትሩን አጥፎ እንደገና ዘረጋው። ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር "ያኔም ልክ ነው ብለህ ነበር" አለው። መቁረጫዋን ነክሮ ሳበ፤ ግማሽ ላይ እጁ ያዝ አደረገው፣ ድምፁ ተቋረጠ። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሲገሥጽበት የኖረውን ራሱ አደረገው፤ ተመልሶ ደገመበት። መስታወቱ ከመስመሩ ወጥቶ በፈለገበት ሄደ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ፤ ሦስተኛውም። ሌሎቹ ቆራጮች ለአክብሮት ሲሉ ወደ ሥራቸው አቀርቅረው ነበር፤ ከማየታቸው አለማየታቸው ባሰበት።

ባለቤቷ ብትቆጣ ይሻለው ነበር። አልተቆጣችም።

"አይጨነቁ፣ ጋሼ። ለጊዜው አጠባው ላይ ይሁኑልኝ፤ እጅዎ ሲመለስ እናያለን" አለች።

"እሺ፣ እንዳሉ" አላት። ልጁ የምትሆነውን ሴት አንቱ ሲል ምላሱ እንኳ አልተደናቀፈም። በባልዲና በጨርቅ ሌሎች የቆረጡትን መስታወት አጥቦ የሚያደርቅ ሆነ።

ማታ ሚስቱ በር ላይ ጠበቀችው። "እህ፣ እንዴት ሆነ?"

"ገባሁ።"

"በቆራጭነት?"

"ታዲያ በምን ልገባ ኖሯል?" አላት፣ ተቆጥቶ።

እሷ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች፤ ልጅቷ እየሳቀች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ይህን ሁሉ ደስታ አንድ ጊዜ ከለቀቀው በኋላ በምን አፉ ይመልሰው?

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእሱ ግን እያደር ይከብድ ጀመር። ሚስቱ ሱቁ በነበረ ጊዜ የሥራ ጋውኑን በየሳምንቱ የምታጥብ ስለሆነች፣ ጋውኑ ነጭ ጋዝ ካልሸተተ ነገሩ ይነቃል ብሎ ፈራ። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ ሰው አለማየቱን አረጋግጦ ከቆራጮቹ ጠርሙስ ጨርቅ ላይ ጠብ ያደርግና ደረቱን ያብሳል። ሌባ እንኳ በዚህ ዓይነት አይሳቀቅም። የመስታወት ማጠቢያ ጨርቆቹን ደግሞ ቦርሳው ታች ደብቆ እያመጣ፣ እሁድ ጠዋት እነሱ ሳይነሱ በግቢው ቧንቧ ያጥባቸዋል።

"እንግዲህ ለራሳችንም አንዲት መስታወት አምጣልን፣ ልጅቷ ዓይኗ ሊጠፋ ነው" ትለዋለች ሚስቱ።

"ልክ የሚሆን ትርፍ አልተገኘም" ይላል።

"ይገኛል" ትላለች፤ ከዚያ በላይ አትገፋም።

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። አንድ እሁድ ከሰዓት ሚስቱ ከሆቴሉ ስትመለስ በአሮጌ አንሶላ የተጠቀለለ ሰፊ ነገር አቅፋ ገባች። አውቶቡሱ አልጭንም ብሏት ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ነው የመጣችው። አንሶላውን ስትገልጠው መስታወት ነው፤ ከመስኮቱ በሁሉም በኩል የሚተርፍ ሙሉ መስታወት።

"ሻጩ ልቁረጥልሽ አለኝ" አለች ላቧን እየጠረገች። "ባለቤቴ ቆራጭ ነው አልኩት። ክፍቱንም ራሱ ይለካዋል አልኩት።"

ጋሽ አንዴ ደክሞኛል ሊል አሰበ፤ ከሷ ይበልጥ ማን ደክሞት? ልጅቷ ደብተሮቿን ሰብስባ ብርድ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ አነጠፈች፤ ካርቶኑንም ገነጠለችው። ብርሃን ሲገባ ክፍሏ ጉዷ ወጣ። የግድግዳው እርጥበት፣ የአልጋው የተሰበረ እግር፣ የሚስቱ እጅ በሳሙና ተልጦ ቀይ መሆኑ ሁሉ ታየ።

ክፍቱን ለካ። ልጅቷ ቁጥሩን ጻፈች። ደግሞ ለካ። ሦስተኛ ሲለካ ልጅቷ ሳቀች።

"አባዬ፣ ሦስቴም እኮ አንድ ነው።"

ከሱቁ የተረፈችውን አሮጌ መቁረጫውን ከሣጥን አወጣ። እጀታዋ በጣቶቹ ልክ ተበልቷል። ነጭ ጋዝ ውስጥ ነከራት፣ ማስመሪያውን ያዘ፣ ሳበ። ያ ድምፅ መጣ። አንድ ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር፣ ሳይቆራረጥ። ሚስቱ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጥ ነበር፤ ያንን ድምፅ ከሱቁ ጀርባ ስንት ዓመት ሰምታዋለች። እሱም ለትንሽ ጊዜ የድሮው ሰውዬ ሆኖ ቆመ። ከዚያ "ባይሆንስ?" የምትል ሐሳብ መጣች፤ እጁ ዓይን እስኪርገበገብ ያህል ቆመ። ድምፁ ተቋረጠ።

እንዳለ ቢተወው ምናልባት ይተርፍ ነበር። አልተወውም፤ ደገመው። መስታወቱ ቀጭን ድምፅ አሰምቶ ከመስመሩ ወጣና በሰያፍ እስከ ጥጉ ተሰነጠቀ። ሁለት ቁራጭ ሆነ፤ አንዱም መስኮቱን አይሞላም።

"አባዬ፣ ቆረጠህ እንዴ?" አለች ልጅቷ እጁን እያየች። እጁ ደህና ነው። "መስታወቱ ርካሽ ነው ማለት ነው እንጂ አንተማ..." ብላ ሳትጨርስ እናቷ ከመቀነቷ ሳንቲም ፈታ ሰጠቻት።

"ሂጂ ፕላስተር ገዝተሽ ነይ። ካርቶኑን እንመልሰው።"

ልጅቷ ስትወጣ ጋሽ አንዴ ቁራጮቹን እያስጠጋ "እውነቷን ነው፣ እንዲህ ያለ ስስ መስታወት..." ብሎ ጀመረ።

"ተው" አለችው። በቁጣ አይደለም። "ተው እባክህ።"

እጁን ከቁራጮቹ ላይ አነሳ።

"ሁለት ወር ሙሉ ነጭ ጋዙ ደረትህ ላይ ነው። ቆራጭ ደረቱን ጋዝ አያጠጣም። ሲነክር በመዳፉ ወርዶ እጅጌው ውስጥ ነው የሚገባው። ሃያ ሁለት ዓመት ስፈትግ የኖርኩት የቀኝ እጅጌህን ነው፤ አሁን የቀኝ እጅጌህ ሳሙና ሳሙና ይላል።"

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"በመጀመሪያው ሳምንት።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ወር ሙሉ እንደ ሌባ ተደብቆ ደረቱን ሲያብስ፣ እሷ እያወቀች አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ትራሱ አጠገብ ስታስቀምጥለት ከርማለች።

"ካወቅሽ ይሄን ለምን አመጣሽው?" አላት። "ያውም ሳይቆረጥ?"

ከአንሶላው ላይ ስብርባሪ እየለቀመች ነበር።

"እዚያ ሰው ስላለ ነው ብዬ" አለች። "ቤት ውስጥ፣ እኛ ብቻ ስንሆን ይቆርጠዋል ብዬ ነው።"

ሱቁ ሲዘጋ እንዲህ አላመመውም። ሦስት መቶ አርባው መስታወት በመዶሻ ሲደቅም አላመመውም። በዓለም ላይ እጁን የምታምን አንዲት ሰው ቀርታው ነበር፤ ለእሷም ዛሬ እጁ መክዳቱን በዓይኗ አሳያት። ይቅርታ ሊላት ፈለገ፤ ግን ይቅርታ የተሰበረ ነገር አይገጥምም፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አየው። የማን እጅ እንደሆነ እንጃ።

ልጅቷ ፕላስተሩን ይዛ መጣች። ከእናቷ ጋር ሆነው ካርቶኑን መልሰው ለጠፉ፤ ክፍሉ ጨለመ፤ አምፖሉ በራ። ልጅቷ ደብተሯን ዘረጋች፤ ቀና ብላ አባቷን አላየችም። ምን ያህል እንደገባት አይታወቅም። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ግን የዝምታ ትርጉም አይጠፋትም።

ሚስቱ የልብስ ማጠቢያ ሳፋውን ከአልጋው ሥር ሳበች።

"ጨርቆቹን አምጣቸው" አለችው።

"የምን ጨርቅ?"

"መስታወት የምታጥብባቸውን። በግቢው ቧንቧ መታለቅለቅ አይበቃቸውም፤ በደንብ ካልታጠቡ ሲደርቁ መስታወቱ ላይ መስመር ይተዋሉ። ይሄንንም ሥራ እንዳይነጥቁህ።"

ቦርሳውን ከፈተ፤ ከታች አራቱን ጨርቆች አወጣ። አጣጥፎ ሰጣት፤ ጋውኑንም ጨመረላት። ጨርቆቹን ሳፋው ውስጥ ነክራ ትታ፣ ጋውኑን አነሳች። እጇ በልማድ መጀመሪያ የያዘው የቀኝ እጅጌውን ነበር። ወደ አምፖሉ ጠጋ አድርጋ ገልብጣ አየችው። ንጹሕ ነው፤ ምንም የለበትም። ሳሙናውን አነሳችና ፈተገችው።