ማንሻውን ያነቀው ጨርቅ

የታላቅ እህቱ አሮጌ ትራክተር ማረሻ አላነሳ ሲል መካኒኩ ገና ከሩቁ ደሙ ፈላ። ሞተሩ እንደ ጎረምሳ ይጮኻል፤ የኋላ ክንዶቹ ግን ማረሻውን ከመሬት ስንዝር ያህል ያነሱና እየተንቀጠቀጡ ይቆማሉ።

«ዘይቱ ሙሉ ነው፤ ራሴ ለክቼዋለሁ» አለችው እህቱ።

መካኒኩ ጆሮውን ክንዶቹን በዘይት ግፊት ወደሚያነሳው ፓምፕ አስጠጋ። ፓምፑ ያፏጫል።

«ዘይት ጠምቶታል፣ እትዬ። ዘይቱ ሞልቶ ሳለ መምጫው ተወትፏል። ከእኔ በኋላ ይሄን የነካካው ማነው? እጁ ይቆረጥ! እንዲህ ያለውን ሰው እንኳን ትራክተር ጋሪም አያስነኩት!»

«ከመራገምህ በፊት ከፍተህ ብታየው አይሻልም?»

እያጉረመረመ ዘይቱን ባልዲ ውስጥ አወረደና ማጣሪያውን ፈታ። ወንፊቱ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ጨርቅ ተለጥፏል። በድል አድራጊነት አንጠልጥሎ አሳያት።

«አየሽ? መወልወያውን ውስጥ ረስቶ የከደነ ደንቆሮ!»

እህቱ ጨርቁን ተቀብላ በናፍጣ አጠበችው። የሸሚዝ እጅጌ ጫፍ ነበር። አንዲት ነጭ ቁልፍ በቀይ ክር ተሰፍታበታለች።

«ነጭ ክር አልቆብኝ በቀይ የሰፋሁልህ ቁልፍ አይደለች? አምና እዚሁ ስትሠራ ለመወልወያ የቀደድከው ሸሚዝህ ነው።»

መካኒኩ ቁልፏን አየ፤ ከዚያ ማጣሪያውን አየ። ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እስቲ መፍቻውን አቀብይኝ» አለ በቀስታ።

እህቱ መፍቻውን ዘረጋችለት።

«በየትኛው እጅህ ትቀበለኛለህ? በሚቆረጠው?»