ሦስቱም ይከፍታሉ

እህተማርያም ያንን ቁልፍ አንድ ዓመት ሙሉ አንገቷ ላይ ይዛው ስትዞር አንድም ቀን ብቻዋን ሞክራው አታውቅም። ቁልፍ ይባል እንጂ ቁልፍ አይመስልም። ጠፍጣፋ፣ ጥቁር፣ ኮምፒውተር ጎን ላይ የሚሰካ፣ መሃሉ ላይ ጣት የሚያርፍበት ክብ ያለው ትንሽ ነገር ነው። ከማተቧ ጋር በአንድ ክር አስራ በሥራ ልብሷ ሥር ትደብቀዋለች። አሜሪካ፣ ፍሪድሊ ከተማ በሚገኘው የአረጋውያን መጦሪያ አልጋ ስታነጥፍ፣ አሮጊት ስታገላብጥ፣ መስቀሉና ቁልፉ ይጋጫሉ። አብረዋት የሚሠሩት ሐበሾች ምንድነው ሲሏት «አደራ ነው» ትላለች። ለፈረንጆቹ ግን አደራን በምን ቃል ትንገራቸው? ሳቅ ብላ ታልፋለች።

ቁልፉ የመጣው የማኅበሩ ኢሜይል ከተሰበረ በኋላ ነበር። ማኅበሩ ሲዋርድ በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንዲት ምድር ቤት ክፍል ያለችው የእህቶች መረዳጃ ነው፤ ትዳሯ የመረራት፣ አሠሪ የበደላት፣ ወረቀቷ የተወሳሰበባት ሴት ትጽፍለታለች። ባለፈው ዓመት አንድ ባለጌ ፓስወርዱን አግኝቶ ገባና በማኅበሩ ስም ለአባላቱ ሁሉ፣ ለቄሶቹም ሳይቀር፣ ዓይን የማያየው ሥዕል ላከ። ያኔ ነው ኮምፒውተር የሚያውቀው ሂርጳ ተጠርቶ ሦስት ቁልፎች ይዞ የመጣው።

«ከአሁን በኋላ ፓስወርድ ብቻውን አያስገባም» አላቸው። «ፓስወርዱን ከጻፋችሁ በኋላ ቁልፉን ሰክታችሁ ትነኩታላችሁ። ቁልፍ የሌለው ሰው ፓስወርዱን ቢሸመድደውም ውጭ ነው የሚቀረው። አንዳንድ ትይዛላችሁ። ሦስቱም ይከፍታሉ።»

ሦስቱም ይከፍታሉ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በዚህች ቃል ነው፤ ያን ዕለት ግን ማንም ልብ አላላትም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ አሳምነው፣ ጸጉራቸው የነጣ፣ ድምፃቸው የከበደ፣ ሠርግም ለቅሶም ያለ እርሳቸው የማይሞላ ሰው፣ ጉልበታቸውን መታ አድርገው «እንደ ሙዳየ ምጽዋቱ በለኛ!» አሉ። እርሳቸው በሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋቱ ሦስት ቁልፍ አለው። ሦስት ሰዎች አንዳንድ ይይዛሉ፤ ሦስቱም ካልቆሙ አይከፈትም። ሰው ይታመናል፣ ግን ብቻውን አይታመንም። እህተማርያምም፣ ሦስተኛው ቁልፍ ያዥ አቶ ኃይሉም፣ ከልጅነታቸው የሚያውቁት ሥርዓት ነውና ወዲያው ገባቸው። ሂርጳ ነቀምት በጴንጤ ቤት ያደገ ልጅ ነው፤ ሙዳየ ምጽዋት ስንት ቁልፍ እንዳለው በምን ይወቅ? ሽማግሌ ፊት ደግሞ አይከራከሩም። አንገቱን ነቀነቀና «አዎ ጋሼ፣ እንደሱ ነው» አለ።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሦስቱ ይሰበሰባሉ። ብዙ ቀዳዳ ባላት ማገናኛ ላይ ሦስቱን ቁልፎች ጎን ለጎን ይሰካሉ። ሦስቱም ብልጭ ብልጭ ይላሉ። አቶ አሳምነው «በስመ አብ» ሲሉ ሦስት ጣቶች በአንድ ላይ ያርፋሉ፤ ገጹም ይከፈታል። ከዚያ ሁለቱ ወንዶች ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። የሴቶቹን ደብዳቤ አንብባ ለማኅበሩ በጎ ፈቃደኛ ጠበቃ የምታስተላልፈው እህተማርያም ብቻ ናት። ይህን ደንብ ያወጡት ራሳቸው አቶ አሳምነው ነበሩ። «የሴት ገመና ለወንድ ዓይን አይደለም» ብለው። እህተማርያም በዚህ በጣም ታከብራቸው ነበር።

ሩት የምትሠራው እዚያው መጦሪያ ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። ባሏ ኢያሱ እጁ አያርፍም። ሁለት ዓመት ሙሉ «በር መታኝ» ስትል ከረመች። እህተማርያም የበር ምት ታውቃለች፤ በር አራት ጣት የለውም። በመስከረም ሩት የስድስት ዓመት ልጇን ይዛ ወጣች፤ ሮዝቪል አካባቢ ነው ከማለት በቀር የት እንደገባች ለማንም አልተናገረችም። እህተማርያም ራሷ «ለእኔም አትንገሪኝ» ብላታለች። ባልየው እንዳይቀርባት ከፍርድ ቤት ትዕዛዝ ለማውጣት ግን ጠበቃዋ ሁሉንም በሩት ቃል ተጽፎ ትፈልገዋለች፤ አድራሻ፣ የሥራ ሰዓት፣ የልጅቷ ትምህርት ቤት፣ የደረሰባት ሁሉ። ጉዳዩን የምትቀበለው ደግሞ በማኅበሩ በኩል ሲመጣላት ነው።

«ጋሽ አሳምነውስ?» አለች ሩት፤ ምሳ ሰዓት ላይ ነበር። «ሽማግሌ ሆነው ለኢያሱ የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው እጅ ገባ ማለት ኢያሱ ጆሮ ገባ ማለት ነው።»

«ቢፈልጉም አይችሉም። ያለ እኔ ቁልፍ አይከፈትም።» እህተማርያም ክሩን ከአንገቷ ስባ አሳየቻት። «ይኸውልሽ። ቅዳሜ ሲከፈት እኔ አነበዋለሁ፣ ለጠበቃዋ ፎርዋርድ አደርገዋለሁ፣ እዚያው ዲሊት አደርገዋለሁ። ማንም አያየውም።»

«ትምዪልኛለሽ?»

«በዚህ መስቀል።»

ሩት ማተቡ ላይ የተንጠለጠሉትን ሁለቱን ነገሮች ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። እሑድ ቀን ለማኅበሩ ኢሜይል ሁሉንም ጻፈች።

ዓርብ ጠዋት እህተማርያም መኪናዋን አቁማ ስትወርድ ሩት በብርድ ቆማ ስትጠብቃት አገኘቻት። የሥራ ልብሷን አልለበሰችም።

«ትናንት በሬ ተንኳኳ» አለች፤ ሰላምታም የለም። «ልጄ ሮጣ ከፈተች። ‹ማሚ፣ ዳዲ ኢዝ ሂር!› አለችኝ ደስ ብሏት። ጋሽ አሳምነው ከፊት፣ ሁለት ሽማግሌ ከኋላ፣ ኢያሱ ከሁሉም ኋላ ኬክ ይዞ። ኬክ! ጋሼ ገብተው ቁጭ አሉ። ‹ልጄ፣ ቤትሽን አሳምረሽዋል› ብለው ውሃ ጠየቁኝ።»

«ሩቴ…»

«ቆዪ። ‹ሐሙስ ሐሙስ ኦፍ እንደሆንሽ አውቀን ነው የመጣነው› አሉኝ። ኦፍ የምሆንበትን ቀንና አድራሻዬን አንድ ላይ የጻፍኩት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ስለ ትዳር ሲመክሩኝ፣ ስለ ትዕግሥት ሲመክሩኝ፣ ኢያሱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የበሩን መቀርቀሪያና መስኮቱን ብቻ ነበር የሚያየው።»

እህተማርያም እጇ ሳታስበው ወደ አንገቷ ሄደ፤ ቁልፉ እንዳለ ነው።

«እኔ አልከፈትኩትም። እግዚአብሔርን! ከአንገቴ አልወጣም፣ ይኸው!»

«ታዲያ ማን ከፈተው?» ሩት አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። «ያለ እኔ አይከፈትም ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ወይ ያኔ ዋሽተሽኛል፣ ወይ አሁን እየዋሸሽኝ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ የለኝም።»

መኪናዋ ውስጥ ገባች። የኋላው ወንበር እስከ ጣሪያው በጥቁር ላስቲክ ከረጢት ተሞልቷል። ልጅቷ በከረጢቶቹ መሃል ተቀምጣ ለእህተማርያም በእጇ ሰላም አለቻት።

እህተማርያም ያን ዕለት ሥራዋን እንዴት እንደሠራች አታውቀውም። እረፍት ላይ መጀመሪያ የደወለችው ለአቶ ኃይሉ ነበር። የጭነት መኪና ነው የሚነዱት፤ ለነገው ስብሰባ ሲመለሱ ነብራስካ መንገድ ላይ አገኘቻቸው። ቁልፉ አብሯቸው እንዳለ፣ ከቤት ከወጡ ሳምንት እንደሆናቸው ነገሯት። ሦስቱ ቁልፎች ሦስት ቦታ ናቸው፤ ደብዳቤው ግን ተነብቧል። ስለዚህ ለሂርጳ ደወለች።

«እትዬ፣ አንዱ ይበቃል እኮ» አለ ሂርጳ፣ ጥያቄው ግራ እየገባው። «አንዱ ቢጠፋ በሌላው እንድትገቡ ነው ሦስት ያደረግሁት። ሦስቱም ይከፍታሉ ብዬ ነግሬያችሁ ነበር።»

«ሦስቱም!» አለች እህተማርያም።

«አዎ፣ እያንዳንዱ። እናንተ እንዴት ነበር የምትከፍቱት?»

ምን ብላ ትመልስለት? ሦስት ትልልቅ ሰዎች በየወሩ «በስመ አብ» እያሉ በአንድ ላይ ሲጫኑ የመጀመሪያው ጣት ከፍቶት፣ ሁለቱ ባዶውን ሲጫኑ እንደኖሩ እንዴት ትንገረው? ስልኩን ዘጋችው።

አቶ አሳምነውን ከሥራ እንደወጣች ሲዋርድ፣ ማኅበሩ ክፍል ውስጥ አገኘቻቸው። ለነገው ስብሰባ ወንበር እየደረደሩ ነበር። «ነይ ልጄ፣ ግቢ» አሉ፤ እንደ ወትሮው።

«የሩትን ደብዳቤ ማን ከፈተው?»

አቶ አሳምነው አልደነገጡም። የሚያንገበግበውም እሱ ነው። ወንበሩን አስቀምጠው ራሳቸው ተቀመጡበት። «ኢያሱ ቤቴ መጥቶ አለቀሰ። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ አይተሽ ታውቂያለሽ? ያጋባኋቸው እኔ ነኝ። ማስታረቅ ከመቼ ወዲህ ነው ኃጢአት የሆነው?»

«በአንድ ቁልፍ እንደሚከፈት ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሂርጳ በሰጠን በሁለተኛው ሳምንት። እስቲ ልየው ብዬ ሰካሁት፣ ተከፈተ።» ትከሻቸውን ነቀነቁ። «አንብቤ ስጨርስ እንዳልተነበበ አድርጌ እመልሰዋለሁ፤ ማንንም አልጎዳሁም። ደግሞ እናንተም የምታውቁ ነበር የመሰለኝ። ቁልፍ ተሰጥቶት ማን የማይሞክር አለ?»

ዓመት ሙሉ! ዓመት ሙሉ ይህ ሰው ብቻውን ገብቶ የሴቱን ሁሉ ገመና ሲያነብ ኖሯል፤ ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ አብሯት ጣቱን አሳርፎ፣ ስመ ሥላሴ ጠርቶ፣ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ያዞር ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ። የእሷ ግን ከዚያም ይከፋል፤ እሷ ባመነችው ፈረስ ላይ ሌላ ሰው አስቀምጣበታለች።

«አንተ» አለች። በሃያ ዓመት የአሜሪካ ኑሮዋ ሽበት ያለውን ሰው አንተ ብላ አታውቅም፤ ቃሉ አፏ ውስጥ እንደ ጠጠር ተንገጫገጨ። «አንተ ውሃ ጠጥተህ ወጣህ። እሷ ልጇን ከረጢት መሃል ጭና ሄደች። ኢያሱ መቀርቀሪያውን ሲያይ አላየኸውም? አላስታረቅክም፣ ለእሱ መንገድ መራህለት!»

«ምላስሽን ሰብስቢ» አለ አሳምነው፤ አሁን ገና ፊቱ ተለወጠ። «ነገ ሰው ሲጠይቅ ምን ልትዪ ነው? ሦስቱ ካልተሰበሰቡ አይከፈትም ብለሽ ለከተማው ሴት ሁሉ የማልሽው አንቺ ነሽ። እኔ ለማንም አልማልኩም።»

ይህ እውነት ነበር። የሙዳየ ምጽዋቱን ምሳሌ ያመጣው እሱ ነው፤ የማለችው ግን እሷ ናት።

ለሩት ስምንት ጊዜ ደወለች፤ ስልኩ አይጠራም። ወደ መጦሪያው ደውላ ስትጠይቅ ሩት ሥራ መልቀቋን ነገሯት። ቤት ገብታ ካፖርቷን ሳታወልቅ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ምናልባት ደብዳቤውን ዛሬውኑ ለጠበቃዋ ብታደርሰው የሚተርፍ ነገር ይኖር ይሆናል። ፓስወርዱን ጻፈች፣ ማተቧ አንገቷ ላይ እንዳለ ጎንበስ ብላ ቁልፉን ሰካችው። ክብዋ ብልጭ ብልጭ አለች። ያለ «በስመ አብ» ጣቷን አሳረፈችባት።

ተከፈተ። በአንድ ጣት፣ በአንድ ትንፋሽ። ያን ሁሉ ጊዜ የሚያስፈልገው ይህች ብቻ ነበረች፤ አንድ ቀን፣ አንዴ ብቻ፣ አደራ የማትበላ ሴት ባትሆን ኖሮ ሩት ከመጻፏ በፊት ታውቀው ነበር።

የእሑዱ ደብዳቤ እንዳልተነበበ ሆኖ ተቀምጧል። ከላዩ ሌላ አለ፤ ከሩት፣ ዛሬ ቀትር ላይ የተላከ። ከፈተችው።

«ነገ ቅዳሜ ነው። ሦስታችሁ ስትሰበሰቡ ይህን ደብዳቤ ማንም ሳይነካው ካገኛችሁት፣ እህተማርያም እውነቷን ነበር ማለት ነው፤ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ በሏት። ከዚያ በፊት ብቻውን ከፍቶ የሚያነበኝ ሰው ካለ ግን፣ የእሑዱንም የከፈትከው አንተ ነህ። እህተማርያም፣ አንቺ እንዳልሆንሽ ተስፋ አደርጋለሁ።»

እህተማርያም ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከደብዳቤው በላይ፣ እንዳልተነበበ አድርጎ የሚመልሰው ምልክት አለ፤ አሳምነው ዓመት ሙሉ ሲነካው የኖረው። እጇን ወደሱ አልሰደደችም። ቀና ስትል ክሩ አንገቷን ያዛት፤ ቁልፉ ገና እንደተሰካ ነበር። ነቀለችው። ገጹ ግን አልተዘጋም።