የጋሽ ፋን ጃኬት

"እኔ ያልኩህ ዓይንህን ተመርመር ነው እንጂ መብራት ቀይር አላልኩህም" አለች ዩላን፣ ከጭነት መኪናቸው ጋቢና ደረጃ ላይ እንደቆመች።

"ዓይኔ ምን ሆነ? የዚያን መኪና ሰሌዳ እዚሁ ቆሜ ላንብብልሽ?"

"በቀንማ ማን አማህ። እኔ የምልህ ሲመሽ ነው።"

"ሲመሽ የማላየው መብራቱ ስለደከመ ነው። የሻማ ያህል እንኳ አያበራም እኮ!"

ጠቡ የተጀመረው ጠዋት ጂንሺያንግ ከተማ ነጭ ሽንኩርቱ ሲጫን ነበር። አሁን ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ ከከተማው ዳር ካለው ጋራዥ ደጅ ደርሰውም አላባራም። ጭነቱ ነገ ጎህ ሳይቀድ ታይዩዋን መግባት አለበት። የተራራውን መንገድ የሚያልፉት በጨለማ ነው።

ዩላን ከባሏ ከገንግ ጋር በዚህ መኪና መጓዝ ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። እንደ ብዙ የሹፌር ሚስቶች መጀመሪያ የወጣችው ምግብ ልታበስልለት፣ እሱ ሲተኛ ደግሞ ናፍጣውን ከሌባ ልትጠብቅለት ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሌላ ሥራ ተጨመረባት። ፀሐይ ስትጠልቅ መንገዱን ታነብለታለች። በቀኝህ ሰው አለ፤ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ፊት ያለው ቆሟል። በመጀመሪያ ይቆጣት ነበር፤ ቆይቶ ዝም አለ። አሁን አሁን እሷ ዝም ስትል እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሳል። ከቁጣው ይልቅ የሚያስፈራት ይሄ ነው።

ባለፈው ወር አንዲት መንደር ጥግ ላይ፣ ከፔርሙዝ ውኃ ልትቀዳ ጎንበስ ባለችበት፣ ባለ ሦስት እግር ጋሪ የሚገፋ ሰው ለጥቂት ተረፈ። ቀና ብላ መሪውን ባትይዘው ኖሮ አብቅቶለት ነበር። ገንግ ላቡን እየጠረገ፣ ጥቁር የለበሰን ሰው ማን ያየዋል አለ። እሷ ግን የአማቷን መጨረሻ ታውቃለች። ሽማግሌው ሲመሽ ግድግዳ እየዳበሱ ነበር ወደ ቤት የሚገቡት። ዳፍንት ነው ተብሎ ጉበት አበሏቸው፤ ምንም አልፈየደም። ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው በቀንም የሚመራቸው ሰው ያስፈልጋቸው ጀመር። ገንግ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ስለ አባቱ ዓይን አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም።

ዛሬ ጠዋት ዩላን ልብሷን በቦርሳ ከትታ፣ ካልተመረመርክ በአውቶቡስ እናቴ ጋ እሄዳለሁ አለችው። እሱም መብራቱን ልቀይርና ይለይልን፤ ያኔም ካላየሁ ቁልፉን በገዛ እጄ አስረክብሻለሁ ሲል ቃል ገባላት። ቦርሳው አሁንም ትከሻዋ ላይ ነው።

የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ፋን የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለ ወጣ። ስልሳ የሞላው፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ገንግ ገና ሳይወርድ፣

"ጋሽ ፋን፣ ያቺ ጃኬት አሁንም አልተጣለችም?" አለው።

"እንዴት ትጣል? የምታበላኝ እሷ አይደለች?"

ጋሽ ፋን አዲስ መብራት ከገጠመ በኋላ የጋራዡን በር ዘግቶ ቤቱን ያጨልመዋል። በወዲያኛው ግድግዳ ቀኝ ጠርዝ፣ እግረኛ በሚቆምበት ቦታ፣ አሮጌ ጥቁር ጃኬቱ ምስማር ላይ ተሰቅላለች። በአሮጌው መብራት አትታይም፤ በአዲሱ ትታያለች። ገንግ ከሁለት ዓመት በፊት የጭጋግ መብራት ሲያስገጥም አይቷታል።

ሥራው አንድ ሰዓት ፈጀ። ጋሽ ፋን አሮጌዎቹን በካቻቪቴ ፈትቶ አዲሶቹን ገጠመ፤ በዚህ መብራት ጉንዳን ሲያዛጋ ታያለህ እያለም አሳቀው። ከዚያ ሠራተኞቹን በሩን ዝጉት አላቸው። ገንግ ጋቢና ውስጥ ብቻውን ተቀመጠ።

ዩላን ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ግድግዳውን ይዛ እስከ ጥጉ ሄደች። ጃኬቷን ከምስማሩ አወረደቻት። ልታነሳት ብቻ ነበር ሐሳቧ፤ ግን በሩ ተዘጋና እዚያው ቆመች፣ ጃኬቷን ከጀርባዋ ይዛ።

መብራቱ በራ። የግድግዳው ስንጥቅ ሁሉ ፈጦ ወጣ። የገዛ ጥላዋ ከኋላዋ እስከ ጣሪያው ተዘረጋ።

"እህ፣ ታየችህ?" አለ ጋሽ ፋን፣ ከመኪናው አፍንጫ ሥር ሽቦ እያሰረ።

"ጋሽ ፋን፣ ቀን አደረግከው እኮ። ጃኬቷን ተዋት፣ ቁልፎቿን ልቁጠርልህ?"

ጋሽ ፋን እየሳቀ ወደ ግድግዳው ዞረ። ምስማሩ ባዶ ነው፤ ዩላን ከሥሩ ቆማለች። አፉ ውስጥ ያለውን ፍሬ ማኘኩን ተወ።

"ዩላን፣ የት ሄድሽ?" አለ ገንግ ከላይ። "ነይ አንቺም እዪው።"

ጃኬቷን ምስማሯ ላይ መልሳ ሰቀለች። "መጣሁ" አለች።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ፋን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጠጋ አላት።

"የኔ እህት፣ በተራራው ነው የምታልፉት?"

"በተራራው ነው።"

"የቀኙን መብራት ትንሽ ወደ ዳር ላዞረው እችላለሁ።"

"ይጠቅማል?"

ጋሽ ፋን ካቻቪቴውን አንስቶ ሄደና የቀኙን ትንሽ ወደ ዳር አዞረው።

ጋቢና ስትገባ ገንግ ቁልፉን ነቅሎ መዳፉ ላይ ይዞታል። ፊቷን አላየም።

"እንደነገርኩሽ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "አየሁ አይደል? አንቺስ አየሽ?"

ዩላን ቁልፉን አየችው። ይህን መኪና መንዳት አትችልም። እሱ ከዚህ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ልጃቸው አዳሪ ትምህርት ቤት ነች፤ ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል።

"አየሁ" አለች። "አስነሳው፣ ሳይመሽ ትንሽ እንግፋ።"

ቦርሳዋን ከወንበሩ ኋላ ወዳለው አልጋ ወረወረችው። ከዚያ በእጅጌዋ በእሷ በኩል ያለውን መስታወት ከላይ እስከ ታች ወለወለችው።

በሩ አጠገብ አንድ በያጅ ጭምብሉን ለብሶ ብረቱ ላይ አጎንብሷል። ሠራተኞቹ ሌላ መኪና እያስገቡ ነበር። ጋሽ ፋን ጀርባውን ሰጥቶ እጁን ይታጠባል። መኪናው ሲወጣ ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ገንግ ግን አዲሶቹን መብራቶች ከአሁኑ አብርቷቸዋል።

"በቀኝህ ብስክሌት አለ" አለች ዩላን።